ብዙ ኪሎ ሜትር የሄዱ የናፍጣ መኪናዎች አያያዝና ጥገና

የእርዳታ እህል ከወደብ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘንም ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ የተጓጓዘበት ሁኔታ በየዘገባው በኩንታልና በቶን ተመዝግቦ ይገኛል። ያንን ሁሉ ኩንታል የተሸከመውና ሠራተኛውን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ያመላለሰው መኪና ግን በዘገባው ውስጥ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቶ የቆመ ዕለት ብቻ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እህሉ አሰብ ወደብ ደርሶ የሚያነሣው የጭነት መኪና በመታጣቱ ሲከማች እንደነበር በዚያ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሁሉ የሚያስታውሱት ነው። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የእህሉ ዋና መግቢያ በር ጅቡቲ ቢሆንም መሠረታዊው ጉዳይ አልተለወጠም። መንገዱ ረጅም፣ ዳገቱ ከባድ፣ አቧራው ብዙ ነው፤ ከመኪናዎቹም ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው።

አዲስ መኪና በቀላሉ የሚገኝ ነገር ስላልሆነ፣ 300 ሺህና 400 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደውን መኪና በሥራ ላይ ማቆየት የጣቢያ ኃላፊዎች ሁሉ ግዴታ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው መካኒክ ላልሆኑ፣ ነገር ግን መኪና በኃላፊነት ለተረከቡ ሠራተኞች ነው። መካኒኩ ሥራውን ያውቃል፤ ኃላፊው ግን መካኒኩን መቼ መጥራት እንዳለበትና ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ካላወቀ፣ የመካኒኩ ዕውቀት ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

ለምሳሌ የምንወስደው በመስክ ሥራ ላይ በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ በተለይም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ የተሠራውንና 1ኤችዜድ የተባለውን ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ሞተር ያለውን ነው። ይህ ሞተር ኮምፒዩተር የሌለበት፣ ቱርቦም የማይገጠምለት፣ በመጠኑ ቀርፋፋ፣ ነገር ግን ቻይ የሆነ ሞተር ነው። ከሱ የሚገኘው ትምህርት ከጥቂት ልዩነት በቀር ለሌሎችም አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች ይሠራል።

የናፍጣ ሞተር ጠባይ

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ይህ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በሥራ ላይ ባዋለው ዘዴ መሠረት፣ ሞተሩ አየርን ብቻ ወደ ውስጥ ስቦ እንደየዓይነቱ ከ16 እስከ 23 እጥፍ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት እንደ ጉም ተረጭቶ ሲገባ ያለ ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው የናፍጣ ሞተር ሕይወት በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ መሆኑን ነው። እነዚህም ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ናፍጣና የማያፈስ እመቃ ናቸው። ሦስተኛው፣ ማለትም እመቃው፣ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የፊተኞቹ ሁለቱ ችላ በመባላቸው ምክንያት ነው። አቧራ በአየር ማጣሪያው ሾልኮ ሲገባ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ የፒስተን ፋሻውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይበላል፤ እመቃውም ይሾልካል፤ አየሩ እንደሚገባው አይሞቅም፤ ጠዋት ጠዋት መኪናው አልነሣ ይላል። ኃላፊው ይህን ባየ ጊዜ አዲስ ባትሪ እንዲገዛ ያዛል። አዲሱ ባትሪ ለጥቂት ወራት ችግሩን ይሸፍነዋል፤ በሽታው ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ጭሱን ማንበብ

ሐኪም የበሽተኛውን ምላስ እንደሚያይ ሁሉ የናፍጣ መኪናን ጤንነት ለማወቅ በመጀመሪያ የሚታየው ጭሱ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ፣ ከሞቀም በኋላ፣ ዳገትም ሲወጣ ጭሱን ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ መሣሪያም ሆነ ገንዘብ አያስፈልገውም።

ጥቁር ጭስ ማለት የገባው ናፍጣ ከአየሩ መጠን በልጦ ሳይቃጠል መቅረቱን ያሳያል። ምክንያቱ የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የሚያንጠባጥብ የናፍጣ መርጫ፣ ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በአገራችን ሁኔታ አንድ ነገር ሊጤን ይገባዋል። አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በቆላ ንጹሕ ሲያጨስ የነበረ መኪና ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢያሳይ እንደ ብልሽት መታየት የለበትም። ቆላ ሲወርድም ያው ጭስ ከቀጠለ ግን ይመርመር። ሾፌሮች ዳገት ላይ ጉልበት ለማግኘት ሲሉ የፓምፑን ማስተካከያ ብሎን የሚያስከፍቱበት ጊዜ አለ፤ ይህ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም። የሚጨመረው ናፍጣ የሚያገኘው አየር ስለሌለ ጉልበት አይሆንም፤ ወደ ጭስነትና ፒስተን ወደሚያቃጥል ሙቀት ይለወጣል እንጂ።

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይገልጻል። ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቮላ ጎሚኒዎች ደርቀዋል ማለት ነው፤ ይህ ብዙ የሚያስቸኩል አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚታይ፣ በተለይም ጭነት ሲኖር የሚብስ ከሆነ ፋሻው አልቋል። ነጭ ጭስ ደግሞ ናፍጣው ሳይቀጣጠል በትነት መልክ መውጣቱን ያመለክታል። በደጋ ብርድ ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ የሚታየው ነጭ ጭስ ብዙውን ጊዜ ከማሞቂያ ካንዴላዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ በመቃጠላቸው የሚመጣ ሲሆን፣ እነሱን መለወጥ ቀላል ሥራ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚቀጥልና የራዲያተሩ ውኃ አብሮ የሚቀንስ ከሆነ ግን የቴስታታው ጋርኒሲዮን ሳይቃጠል አይቀርም፤ መኪናውም ከዚያ ጣቢያ ተጎትቶ ካልሆነ በራሱ መንቀሳቀስ የለበትም።

የእመቃውን መሾለክ ለመገመት ሌላ ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ በቦታው ላይ እንዲሁ ማስቀመጥ ነው። ክዳኑ በመጠኑ ቢንቀጠቀጥ የሚጠበቅ ነው፤ እንደ ድስት ክዳን እየዘለለ ከወደቀና ጭስ በኃይል ከወጣ ግን ፋሻው እያሳለፈ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሞተር ሌላም አደጋ አለበት። በመተንፈሻው በኩል የሚወጣውን የራሱን ዘይት መልሶ እየሳበ እንደ ነዳጅ ሊያቃጥለው ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ቁልፉ ቢዘጋም ሞተሩ አይቆምም፤ እንዲያውም ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ሾፌሮች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባው ነገር፣ እንዲህ ያለውን ሞተር የሚያቆመው የአየር መግቢያውን በጣውላ ወይም በጠንካራ መዝገብ አፍኖ መዝጋት መሆኑን ነው። በእጅ መዳፍ ለመዝጋት መሞከር ግን አደገኛ ነው።

ዘይቱ በተለወጠ ማግሥት ጠቁሮ ቢታይ ሾፌሩ ወይም መካኒኩ ሰርቋል ተብሎ መጠርጠር የለበትም። የናፍጣ ሞተር ዘይት ወዲያው የሚጠቁር ነው፤ ጥላሸቱን በውስጡ ተሸክሞ መያዝም አንዱ ተግባሩ ነው። መለኪያው ቀለሙ ሳይሆን የሄደበት ኪሎ ሜትርና የጎደለው መጠን ነው። በመልካም መንገድ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ዘይት በአቧራማ መንገድና በከባድ ጭነት ቀደም ብሎ መለወጥ ይኖርበታል። በ1 ሺህ ኪሎ ሜትር 1 ሊትር የሚጠይቅ ሞተር ወደ ማብቂያው ተቃርቧል።

ናፍጣና ውኃ

በመስክ ጣቢያዎች የናፍጣ ፓምፕንና መርጫን ከሁሉ በላይ የሚገድለው በነዳጁ ውስጥ የሚገባ ውኃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውኃውም የሚገባው በአብዛኛው በጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ማለትም በበርሜሎቹ አቀማመጥ ምክንያት ነው።

በርሜል ቀጥ ብሎ ሲቆም የዝናብ ውኃ በላዩ ከንፈር ውስጥ ይጠራቀማል። ቀን በፀሐይ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ተለጥጦ በክዳኑ ጥርስ በኩል ጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ በተራው ወደ ውስጥ ይስባል። የሚስበውም በክዳኑ ላይ የተኛውን ውኃ ነው። ክዳኑ በቁልፍ የጠበቀ ቢሆንም እንኳ ይህ ይደርሳል። መፍትሔው ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ በርሜሉን በእንጨት ላይ አጋድሞ፣ ሁለቱ ክዳኖች በግራና በቀኝ እኩል ከፍታ ላይ እንዲውሉ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ክዳኖቹን ከውስጥ በኩል ናፍጣው ራሱ ስለሚሸፍናቸው አየርም ውኃም አይስቡም። ከተቻለም በላዩ ዳስ ይጣልበት።

በርሜሉ ከመከፈቱ በፊት ቆሞ አንድ ሙሉ ቀን ይርጋ። በአንድ በኩል ጥቂት አጋድሎ ማቆም፣ የፓምፑንም ቱቦ ከፍ ባለው በኩል አስገብቶ ከታቹ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሥቶ መቅዳት ያስፈልጋል። ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ መቅረቱ ኪሳራ መስሎ የሚታያቸው የንብረት ሠራተኞች አሉ። ለእነዚህ ሠራተኞች ከበርሜሉ ሥር የሚቀረው ናፍጣ ዋጋና የአንድ ፓምፕ ዋጋ ጎን ለጎን ተጽፎ ቢሰጣቸው ክርክሩ ያበቃል። የመኪናው ታንክ ማታ ማታ ቢሞላ ደግሞ በባዶው ቦታ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ወደ ውኃነት ተለውጦ እንዳይጠራቀም ይረዳል።

በናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን የውኃ ማስወጫ ብሎን በሳምንት አንድ ጊዜ ላላ አድርጎ ጥቂቱን በብርጭቆ ጠርሙስ መቀበል የሾፌሩ ሥራ ይሁን። ውኃ ካለ ከናፍጣው ሥር ተለይቶ ይቀመጣልና በዓይን ይታያል። ከማጣሪያው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ መጠቀም የማያውቅ ሾፌር ወደ መስክ ሊላክ አይገባውም፤ ነዳጅ ያለቀበት ወይም ማጣሪያ የተለወጠለት የናፍጣ መኪና አየሩ ካልወጣለት አይነሣምና። ብዙ ባትሪና ሞተሪኖ የሚቃጠለው አየር የገባበትን መኪና በከንቱ በማስነሣት ነው።

ናፍጣ ሲጠፋ ነጭ ጋዝ ቀላቅሎ መንዳት በአንዳንድ ቦታ እንደ ብልኅነት ይቆጠራል። ሞተሩ በርግጥ ይሠራል። ነገር ግን በዚህ ዓይነቱ መኪና ላይ ያለው ተሽከርካሪ ፓምፕ ሌላ ማለስለሻ ዘይት የለውም፤ የሚለሰልሰው በውስጡ በሚያልፈው ናፍጣ ብቻ ነው። ነጭ ጋዝ ቀጭንና ደረቅ ስለሆነ የፓምፑን ሆድ ይፍቃል። ይህ ጉዳት የሚታየው ከወራት በኋላ በመሆኑ ያደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ተዛውሮ ሄዷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መጨመር የግድ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚረጨው ናፍጣ ግፊት ከ100 ባር በላይ ስለሆነ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ሊገባ ይችላል። የሚንጠባጠብ የግፊት ቱቦን በጣት መፈለግ ክልክል ነው። ናፍጣ ወደ ጣቱ የገባበት ሰው ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ብታህልና ሕመሙም ቀላል ቢመስል በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት፤ ካልሆነ ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል።

አቧራና ሙቀት

የአየር ማጣሪያን ከጎማ ጋር እያላጉ ማራገፍ የተለመደ ነው፤ ይህም ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል። በአየር ሲጸዳ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ከዚያም በጨለማ ቦታ በውስጡ ፋኖስ ወይም ባትሪ አብርቶ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ከማጣሪያው በኋላ ያለውን የጎማ ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በንጹሕ ጣት ማበስም ጥሩ ምርመራ ነው። ጣቱ አቧራ ይዞ ከወጣ ማጣሪያው ወይም መጋጠሚያው ያሾልካል፤ ሞተሩም በየቀኑ እየተፈጨ ነው። በሌላ በኩል ሲታይ ማጣሪያውን ያለ ምክንያት በየዕለቱ መፍታት ራሱ አቧራ ያስገባል። ኮንቮይ ሲሄድ በመኪናና በመኪና መካከል ርቀት መጠበቅ ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለማጣሪያውም ነው።

ሙቀትን በሚመለከት፣ ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በደጋ አገር የራዲያተሩ ክዳን ውኃውን በግፊት ይዞ የሚፈላበትን ነጥብ ከፍ የማድረግ ተግባሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ የከበደ ነው፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ሞተር ያስበላል። ሞተር ሞቀ ተብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድም ትክክል አይደለም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋ ሁልጊዜ እንደ ቀዘቀዘ ስለሚሠራ ናፍጣው በሚገባ አይቃጠልም፤ ፋሻውም ቶሎ ያልቃል። የሞቀበት ምክንያት የራዲያተሩ ክንፎች በሣር ፍሬና በጭቃ መደፈን፣ የማራገቢያው ቺንጊያ መላላት፣ ወይም በውስጡ የተጋገረ ጨው ሊሆን ይችላል። በተለይም በአፋርና በሌሎች ቆላ አካባቢዎች ከጉድጓድ የሚቀዳው ውኃ ጨው የበዛበት ከሆነ የዝናብ ውኃ አጠራቅሞ ለራዲያተር ማስቀመጥ ይመረጣል። የፈላን ሞተር በቀዝቃዛ ውኃ ማጥመቅ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል፤ ጥላ ሥር አቁሞ መጠበቅ ብቻ ነው።

ድምፅ ሳያሰሙ የሚያረጁ ክፍሎች

ከሁሉ ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ብልሽት ምልክት የማይሰጠው ነው። የ1ኤችዜድ ሞተር ኮሎውንና የቫልቮላ መክፈቻውን የሚያያይዘው የጥርስ ቺንጊያ ነው። ከሱ በፊት የነበረው 2ኤች ሞተር ይህን ሥራ በማርሽ ይሠራ ስለነበር፣ በዚያ የለመዱ አንጋፋ ሾፌሮች ቺንጊያውን አያስታውሱትም። ቺንጊያው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቮላ ሊጋጩ ይችላሉ፤ በአንድ ቺንጊያ ምክንያትም ቴስታታ ይወርዳል። የመለወጫው ጊዜ ሲደርስ በመሪው ፊት የምትበራ መብራት አለች፤ ይህች መብራት ግን የምትቆጥረው ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጋር ነው።

ይህ ጽሑፍ አቅራቢ ለዘገባ በሄደበት አንድ የቆላ ሰፈራ ጣቢያ የደረሰው ሁኔታ ለዚህ አብነት ይሆናል። የመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ተበላሽቶ ከሁለት ዓመት በላይ በ287 ሺህ ላይ ቆሞ ነበር። ቆጣሪ የሞተር ክፍል ስላልሆነ ማንም ሊያስጠግነው አልፈለገም፤ የጉዞ መዝገቡም በግምት ይሞላ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ላይ የበቆሎ ዘር ለማከፋፈል ከወረዳው መጋዘን ሲመለስ ቺንጊያው ተበጠሰ። መንገዱ በጭቃ ከመዘጋቱ በፊት ሌላ መኪና እስኪላክ 11 ቀን አለፈ። የዘሩ ከፊል ለገበሬዎቹ የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ከነዚያ ማሳዎች የተገኘው አዝመራ ከጎረቤቶቹ ያነሰ ነበር። እነዚያ ቤተሰቦች ከእርዳታ እህል ለመላቀቅ ያሰቡበት ዓመት ነበር። በሞተሩ ላይ የደረሰው ጉዳት በቁጥር ተገልጾ ሪፖርት ተደርጓል፤ ሌላውን የሚገልጽ ዓምድ ግን በቅጹ ላይ የለም።

ከቺንጊያው ቀጥሎ የቫልቮላ ክፍተት አለ። ብዙ ሰው የላላ ቫልቮላ ስለሚያንኳኳ ይጠነቀቀዋል፤ በናፍጣ ሞተር ግን ከዕድሜ ጋር ቫልቮላው በመቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠባል። የጠበበ ቫልቮላ አይጮኽም፤ እንዲያውም ሞተሩ ጸጥ ያለ ይመስላል። በደንብ ሳይዘጋ ስለሚቀር ግን እሳት ያመልጥበትና ይቃጠላል። ስለዚህ አሮጌ ሞተር ዝም አለ ተብሎ መደሰት አይገባም፤ ቺንጊያው በተለወጠ ቁጥር ክፍተቱም አብሮ ይለካ።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ለፍሬን ማጠናከሪያ የሚሆን የመሳብ ኃይል በራሱ ስለማይፈጥር የተለየ ፓምፕ ተደርጎለታል። ይህ ፓምፕ ሲደክም ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረድ በፊት ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው፤ ቁልቁለቱንም በዜሮ ሳይሆን በማርሽ መውረድ ግዴታ ነው። የባሌስትራ፣ የጎማና የመሪ ጉዳይ በሌላ ጊዜ በሰፊው ሊቀርብ ስለሚችል እዚህ ላይ እናልፈዋለን።

ለጥገና ወይስ ለጨረታ?

ኃላፊዎችን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ውሳኔ ይህ ነው። ሞተሩ አልቋል የሚል ቃል ከሾፌር ሲሰማ በቀጥታ ወደ ማስወገጃ ቅጽ መሄድ ትክክል አይደለም። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ መሆን አለበት። በመጀመሪያ የአየርና የናፍጣ ማጣሪያዎች፣ የተሰነጠቁ ቱቦዎች፣ ባትሪና የማሞቂያ ካንዴላዎች ይታዩ። ከዚያ መርጫዎቹ ወጥተው በመፈተሻ ላይ ይሞከሩ፤ የሚያንጠባጥብ መርጫ የፒስተኑን ራስ ሊበሳ ስለሚችል ይህ ምርመራ አይዘለል። ከዚህ በኋላ ብቻ እመቃው በመለኪያ ይለካ። በእመቃ ልኬት ላይ ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ በስድስቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል። ሁሉም እኩል ከደከሙ ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ለጥቂት ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን የተለየ ሕመም ስላለ ይከፈት።

430 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ አንድ መኪና ጉልበት አጥቷል ተብሎ ለጨረታ ከተመዘገበ በኋላ፣ ከታንኩ የሚመጣው የናፍጣ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ይስብ እንደነበር ተገኝቶ ወደ ሥራው ሲመለስ ታይቷል። በተቃራኒው ደግሞ ሰማያዊ ጭስ ያበዛ ሌላ ሞተር ወጪ ለመቀነስ ሲባል በተበላ ሲሊንደር ላይ አዲስ ፋሻ ብቻ ተገጠመለት። ከሦስት ወር በኋላ ሞተሩ እንደገና ወረደ። ሞተር ከተከፈተ አይቀር ሲሊንደሩ ይለካ፤ የሚላጠው ይላጥ፤ የኮሎው ኩሽኔታዎች፣ የዘይቱ ፓምፕና ጋርኒሲዮኖቹ በአንድ ጊዜ ይለወጡ። ለዚህ የሚበቃ በጀት ከሌለ ባይከፈት ይሻላል።

ከቆመ መኪና ላይ ዕቃ ነቅሎ ለሌላው ማዋል ችግር ያመጣው ዘዴ ስለሆነ በጅምላ ሊወገዝ አይገባውም። መጥፎ የሚሆነው ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። ዛሬ አንድ ዲናሞ፣ ነገ አንድ ፓምፕ እየተባለ ሊጠገን ይችል የነበረ መኪና በስድስት ወር ውስጥ ቆርቆሮው ብቻ ይቀራል። የሚነቀለው መኪና በግልጽ በጽሑፍ ይለይ፤ የተነሣውም ዕቃ ከሄደበት መኪና ሰሌዳ ቁጥር ጋር ይመዝገብ።

ለዚህ ሁሉ ውሳኔ መሠረቱ የጉዞ መዝገቡ ነው። የተቀዳው ናፍጣና የተጨመረው ዘይት ከኪሎ ሜትሩ ጋር በትክክል ከተጻፈ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ይበቃው የነበረ መኪና ወደ 16 ሲወጣ ኃላፊው በሽታውን ጭሱ ሳይታይ ያገኘዋል። መዝገቡ እውነት የሚሆነው ግን ሾፌሩ ሲጽፍ የማይፈራ ከሆነ ነው። ብልሽት ያሳወቀ ሾፌር ደመወዙ የሚቆረጥበት ወይም በጥርጣሬ የሚታይበት ጣቢያ ብልሽት የሚሰማው መኪናው በረሃ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። መኪናው ለአንድ ሾፌር ተለይቶ ሲሰጥም አያያዙ ይሻሻላል፤ ዛሬ እገሌ፣ ነገ እገሌ የሚነዳው መኪና ባለቤት የለውም።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ መንገድ ከሚዘጋባቸው ጣቢያዎች ያሉት መኪናዎች በግንቦት አጋማሽ ወደ ጋራዥ መግባት ይኖርባቸዋል። ከጋራዥ ሲወጡ ሁለት የናፍጣ ማጣሪያ፣ አንድ የዘይትና አንድ የአየር ማጣሪያ፣ የማራገቢያ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ቱቦዎች ከነማሰሪያቸው፣ ሁለት የማሞቂያ ካንዴላና ለአንድ ጊዜ የሚበቃ የሞተር ዘይት ይዘው ይውጡ። በመለዋወጫነት የሚያዝ የጥርስ ቺንጊያ ካለ እንዳይታጠፍና ዘይት እንዳይነካው ከነካርቶኑ ይቀመጥ፤ የተገጠመውም የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በሞተሩ ኮፈን ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ይጻፍ።